«ክድ» ሲሏት የምትመጣው

ብርሃኔን እብድ ውሻ የነከሳት ውሃ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ጉለሌ ውስጥ ውሃ በየቤቱ አልገባም ነበርና ልጆች ማለዳ ባልዲያቸውን ይዘው ቦኖው አጠገብ ይኮለኮሉ ነበር። ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል፣ አንድ ቀይ ውሻ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ጥሎ ለሃጩን እያዝረበረበ ወረደ። ልጆቹ ዕቃቸውን እየጣሉ ተበተኑ። ብርሃኔ ግን ባልዲው አዲስ ነበርና ከውሻው ይልቅ እናቷን ፈራች፤ ባልዲውን አቅፋ ቆመች። ውሻው የግራ ባቷን ዘንጥሎ አለፈ። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

እናቷ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥባ፣ አዝላት፣ እየሮጠች ፓስተር ወሰደቻት። ፓስተር ለጉለሌ ሰው ቅርብ ነው፤ ለልጆች ግን ከሲኦል አጥር ማዶ ያለ ይመስላቸው ነበር፤ ምክንያቱም መርፌው የሚወጋው ሆድ ላይ ነው፤ ያውም በየቀኑ። ብርሃኔ ከሆዷ ላይ ያልተወጋ ቦታ እስኪጠፋ ተወጋች። አለቀሰች፣ ተራገጠች፣ መርፌ የሚወጋትን ድሬሰር የማታውቀውን ስድብ ሁሉ ፈጥራ ሰደበችው። እሱም እየሳቀ «ስድብሽ ጤነኛ ነው፣ ትድኛለሽ» ይላት ነበር። እንዳለውም ዳነች።

ከመርፌው የባሰው ከዳነች በኋላ የመጣው ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ቡችላ ያረግዛል የሚል ወሬ በሰፈሩ ነበር። ልጆቹ ገመድ ሲዘሉ ብርሃኔ ከቀረበች ገመዱን ይጠቀልላሉ። «ሆዷ ውስጥ ቡችላ አለ!» ይላሉ። «ጆሮ ስጡ፣ ሲጮኽ ይሰማል!» ይላሉ። እናቶችም ልጆቻቸውን «አትጠጓት» ይላሉ፤ በሹክሹክታ ነው የሚሉት፣ እሷ እንድትሰማ ግን አድርገው ነው።

በመንደሩ መጨረሻ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ፣ ሻምበል የሚባል ያረጀ ውሻ ነበራቸው። ብርሃኔ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ሻምበል ከጥላው ተነሳ፣ እየተጎተተ መጣና እግሯ ሥር ዘጭ ብሎ ተኛ። ከነከሳት ወገን ነውና ደርቃ ቀረች። ለመነሳት ፈራች፤ ለመቀመጥም ፈራች። ሻምበል ግን ምንም የፈለገው ነገር አልነበረም። ቆይቶ የጎኑ ሙቀት ባቷን አሞቀው፤ ያውም የተነከሰውን ባቷን። በማግስቱ ራሷ ሄደች። ልጆቹ ረስተው እንደገና እስኪያጫውቷት ድረስ ጓደኛዋ ሻምበል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብርሃኔ ያለ ውሻ ኖራ አታውቅም። አገባች፣ ወለደች፣ ልጆቿን ዳረች። ለብዙ ዘመን የሠራችው ከእንጦጦ ሥር ችግኝ በማፍላት ነው፤ መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጣችውም ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው። ዛሬም ግቢዋ በጣሳ የተተከለ የጽድና የኮሶ ችግኝ ሞልቶታል። ባሏ ኪሩ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጨዋታ ወዳድ ነበር። እንደ ድሮ ሰው ለውሻ የሚያወጣው ስም ሁሉ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ነበረው። ከአጥር ማዶ አንድ ነገረኛ ሰው «ቡችላህ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ» ቢለው፣ የቡችላውን ስም «ምን ቸገረኝ» ብሎ አወጣለት። ነገረኛው ሰው ቤቱን ሸጦ ሄደ፤ ኪሩም ሞተ፤ ውሻው ግን ከነስሙ ለብርሃኔ ቀረላት።

ስሙ ብዙ ጣጣ አምጥቷል። አንድ ግቢ ውስጥ አብራት የምትኖረው ዘኪያ፣ በሩ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቷ፣ አንድ ቀን በሱቋ መስኮት አንገቷን አስግጋ «ብርሃኔ፣ ውሃ ሊጠፋ ነው አሉ፣ ቅጂ!» አለቻት። ብርሃኔ አልሰማቻትም፤ ውሻዋን እየጠራች ነበር። «ምን ቸገረኝ! ምን ቸገረኝ!» ዘኪያ አኩርፋ ሰነበተች። ነገሩ የተፈታው ውሃው እውነት ጠፍቶ ብርሃኔ ባልዲ ይዛ ደጇ ስትቆም ነው። «ምን ቸገረኝ አላልሽም?» አለቻት ዘኪያ፤ ከዚያ ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ምን ቸገረኝ በእርግጥ ስሙን የመሰለ ውሻ ነው። ትልቅ፣ ቡላ፣ ሰነፍ። ሌባ ቢገባ አንድ ዓይኑን ከፍቶ የሚዘጋ። ግቢውን የምትገዛው ሹሚ ናት፤ ከድመት ብዙም የማትበልጥ ነጭ ውሻ፣ ድምጿ ግን የጡሩምባ። ሁለቱ ተግባብተው ይኖራሉ፤ እሷ ታዛለች፣ እሱ ይተኛል።

ሦስተኛዋን ያመጣችው ሲና ናት። ሲና ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ ባለ አጥር ግቢ ተከራይታ፣ ከመንገድ ያነሳቻቸውን ውሾች እያሳከመች ሰው ፈልጋ የምትሰጥ ወጣት ናት። ብርሃኔ ፍርፋሪና አጥንት ይዛላት ትሄዳለች። ሁልጊዜም «ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» ትላለች።

«ዛሬም ለማየት ብቻ ነው፣ እማማ?» አለቻት ሲና እየሳቀች።

«ለማየት ብቻ። ሁለት አሉኝ፣ በቃኝ።»

ግቢው ባዶ ነበር። ውሾቹ ሁሉ ሰው አግኝተዋል። ከጥግ አንዲት ጥቁር ውሻ ብቻ ተቀምጣለች። ደረቷ ነጭ ነው፤ አንገቷ ዙሪያ ፀጉር ያልበቀለበት ቀለበት አለ፣ ገመድ ሥጋዋን በልቶ የገባበት። ብርሃኔን ስታይ አልጮኸችም፤ አልመጣችምም። ዝም ብላ አየቻት።

«ይቺስ?»

«ይቺ እኮ ናት ጭንቄ» አለች ሲና። «ከሥጋ ቤቶቹ በር ነው ያነሳኋት። ሰው ሲያባርራት ወደ ሰው ትሮጣለች፤ እብድ ናት ብለው በድንጋይ ሊጨርሷት ሲሉ ደረስኩ። አስከተብኳት፣ ለብቻዋ አድርገን ጠበቅናት፣ ሐኪሙም አያት፤ ጤነኛ ናት። ግን የወሰዷት ሁሉ መለሷት። ‹እብድ ናት› እያሉ። እኔ ደግሞ ቤቱን ልለቅ ነው፤ አከራዩ ፈልጎታል። ከዚህ በኋላ የምትመለስበት የለም።»

«እብድ ናት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ብርሃኔ ጎንበስ ብላ ባቷን አከከች። ጠባሳው ደርቆ ስንት ዘመኑ ነው፤ ግን በላት።

«አምጪያት» አለች።

«እማማ፣ ሁለት አሉኝ፣ በቃኝ ብለው ነበር እኮ!»

«አምጪያት አልኩሽ! ሐሳቤን ሳልለውጥ!» አለችና እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች።

አስቸጋሪው ዘኪያ ነበረች። ግቢው የሁለቱም ነው፤ በሩም አንድ ነው። ብርሃኔ ወሬውን ስትነግራት ዘኪያ ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ሦስተኛ? ብርሃኔ፣ ውሻ ነው የምታሳድጊው ወይስ እድር እያቋቋምሽ ነው?»

«ጉልቻም ሦስት ሲሆን ነው የሚቆመው!»

«ጉልቻ አይልስም! እኔ ለሶላት ታጥቤ፣ ውዱ አድርጌ በወጣሁ ቁጥር ምራቃቸው እንዳይነካኝ ሁለቱን የማመልጣቸው እየዘለልኩ ነው። አሁን በዚህ ጉልበቴ ሦስተኛ ልዝለል?» ስኳሩን ጨርሳ መዘነችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ ስለዚያች ውሻ ሰምቻለሁ። እብድ ናት ይላሉ። ነግሬሻለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ላይ ከሮጠች፣ ወላሂ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ትወጣለች።»

«ሰው ላይ ከሮጠች እኔው ራሴ አወጣታለሁ። ገብርኤልን!»

ብርሃኔ ምላ ወጣች። ሲና የነገረቻትን ታውቃለች፤ ውሻዋ ሰው ላይ እንደምትሮጥ። ለምን እንደምትሮጥ ግን አታውቅም። በገብርኤል ስም የማለችው በማታውቀው ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ውሾች አስተዋወቋቸው። ሲና አዋቂ ናት፤ «ቤት ውስጥ እንዳይገናኙ፤ ቤቱ የነሹሚ ነው፣ ወራሪ መጣ ይላሉ። የማንም ባልሆነ መንገድ ላይ ጎን ለጎን እናራምዳቸው» አለች። ብርሃኔም ገባት። ችግኝ ከመደብ ወደ መደብ ሲዛወር መጀመሪያ ጥላ ይፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ካወጡት ይጠወልጋል። ከእጽዋት ማዕከሉ በታች ባለው መንገድ ላይ፣ ጉሙ ገና ከባሕር ዛፉ ላይ ሳይነሳ፣ ሲና ጥቁሯን ይዛ በአንድ ጠርዝ፣ ብርሃኔ ሁለቱን ይዛ በሌላው ጠርዝ ሄዱ። ሹሚ መጀመሪያ የመንደሩን ስድብ ሁሉ አወረደችው። ከዚያ ደከማት። ከዚያ አሸተተች። ጥቁሯ በጀርባዋ ተንጋላ ነጭ ደረቷን ሰጠቻት።

«እይ! እይ እማማ! እጅ ሰጠች!» አለች ሲና።

«ሹሚ ሹመቷን አገኘች!» አለች ብርሃኔ፤ መንገዱ ላይ እየዘለለች። የማለዳ ሯጮች ቆመው አዩዋት። ምን ቸገረኝ ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን መንገዱ መሐል ተኝቶ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ማታ፣ ምግብ ሲቀርብ ነው። ብርሃኔ ሦስት ሳህን በሦስት ጥግ አስቀመጠች። ሹሚ የራሷን ትታ ወደ እንግዳዋ ሳህን ስትሾልክ፣ ብርሃኔ ሁላችንም ለውሻ የምንለውን አለቻት፦ «ክድ!»

ሹሚ ጅራቷን ቆልፋ ተመለሰች። ምን ቸገረኝም ሳይነካ ተነስቶ ራቅ አለ። ጥቁሯ ግን ሳህኗን ጥላ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ በሹሚ ምግብ ላይ ተረማምዳ ወደ ብርሃኔ በረረች። ሳህን ተገለበጠ። ሹሚ ዘላ ጆሮዋን ነከሰቻት። «ክድ! ክድ አልኩ!» ብላ ብርሃኔ ብትጮኽ ጥቁሯ ይባስ ብላ ቀሚሷ ላይ ተንጠላጠለች፤ ሹሚም ይባስ ብላ ነከሰቻት። በጮኸች ቁጥር ባሰ። ያልሰማች መስሏት ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ግቢው ጦር ሜዳ ሆነ። በመጨረሻ ጥቁሯን ጎትታ አሮጌው ማድቤት ውስጥ ዘጋችባት። ሹሚ በሩ ላይ ተቀምጣ ጥበቃ ጀመረች፤ ብርሃኔ እስረኛ እንዳታመልጥ ነው ብላ አሰበች።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለቻት በበሩ ስንጥቅ። «ሂጂ ሲሉሽ ትመጫለሽ?» ጥቁሯ በስንጥቁ ምላሷን አውጥታ ጣቷን ላሰቻት።

በማግስቱ ጠዋት ብርሃኔ ችግኞቿን እያጠጣች ሳለ የማድቤቱ በር ተከፍቶ አየች። በሩን የዘጋችበት ቁራጭ እንጨት መሬት ላይ ወድቋል። ውሃ ማጠጫውን ሳትጥል ከደጅ የዘኪያ ጩኸት ተሰማ።

«ኡኡ! ድረሱልኝ! ብርሃኔ!»

ብርሃኔ በአንድ እግር ጫማ ሮጠች። ዘኪያ የለስላሳ ሣጥን ላይ ወጥታ የሚዛኑን ሳህን እንደ ጋሻ ይዛለች። ምስር ክክ መሬቱን አቅልሞታል። ጥቁሯ ውሻ ከሣጥኑ ሥር ቆማ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ጅራቷን እየወዘወዘች፣ ለሃጯን ታንጠባጥባለች። ከሱቁ ፊት ካለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው እየሮጠ መጣ።

«እብድ ናት! ለሃጯን እዩት!»

«ወደ ኋላ በሉ፣ ትናከሳለች!»

አንድ ጎረምሳ የአጥር እንጨት ነቀለ። ሌላው ድንጋይ አነሳ። ብርሃኔ በመሐላቸው ገብታ ክንዷን ዘረጋች።

«ማንም እንዳይነካት! መጀመሪያ እኔን ነው!»

«እማማ ገለል በሉ፣ ለርስዎ ብለን ነው!» አለ ባለ እንጨቱ፤ አንድ እርምጃም ቀረበ።

ያን ጊዜ ከብርሃኔ ቀሚስ ሥር አንድ ነጭ ነገር ተወረወረ። ሹሚ ናት! ማታ ጆሮዋን የነከሰቻትን ውሻ ከኋላዋ አድርጋ፣ እንጨቱ ፊት ቆማ፣ ያቺን የጡሩምባ ድምጿን ለቀቀችው። ጎረምሳው ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ፤ ከግቢው ውስጥ ቡላው ውሻ ብቅ አለ። ሌባ ሲገባ ያልተነሳው፣ መንገድ መሐል የተኛው፣ ያ ሰነፍ፣ የጀርባው ፀጉር እንደ ብሩሽ ቆሞ፣ እያጉረመረመ መጥቶ ከሹሚ ጎን ቆመ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ቸገረኝ ቸገረው። ጎረምሳው እንጨቱን ዝቅ አደረገ።

«ብርሃኔ!» አለች ዘኪያ ከሣጥኗ ላይ። «ገብርኤልን አላልሽኝም? ቃልሽ የት አለ?»

«ነከሰችሽ?»

«አልነከሰችኝም! ግን ሮጠችብኝ!»

«ዝም ብላ ሮጠችብሽ?»

«ዝም ብላ ነዋ! እዚያ በሩ ጋ ነበረች፣ ራቅ ብላ ተቀምጣ። ውዱዬን አድርጌያለሁ፣ እንዳትነካኝ ብዬ ‹ክድ!› ስላት...»

ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ጥቁሯ ዘላ የፊት እግሮቿን ሣጥኑ ላይ ሰቀለች።

«ይኸው! ይኸው አላያችሁም? ባባረርኳት ቁጥር ትመጣለች! ይቺ ጤነኛ ናት?»

ብርሃኔ አየች። ማታ የተገለበጠውን ሳህን አስታወሰች፤ «ክድ! ክድ አልኩ!» እያለች ስትጮኽ፣ ቀሚሷ ላይ የተንጠለጠሉትን መዳፎች።

«ዘኪያ፣ ዝም በይ እስቲ። ሁላችሁም፣ በፈጠራችሁ፣ አንዴ ዝም በሉ።»

መንገዱን ተሻግራ ከመብራት ምሰሶው ሥር ቆመች። ድንጋይ የያዘው አሁንም ይዟል። ብርሃኔ ተንበረከከች። ልጅ ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቀስ አድርጋ፣ በቀስታ፣ «ነዪ» አለች። ጥቁሯ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየቻት፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ቡቺ፣ ቡቺ» አለች። ምንም።

«ክድ» አለች፣ በዚያው የእናት ድምፅ።

ጥቁሯ ውሻ ከሣጥኑ ወርዳ፣ በምስሩ ላይ ተንሸራታ፣ መንገዱን እንደ ጥይት አቋርጣ ብርሃኔ እቅፍ ውስጥ ገባች። ሹሚና ምን ቸገረኝ በተቃራኒው፣ ቃሉን ሲሰሙ፣ ጅራታቸውን ቆልፈው ወደ ግቢ ሮጡ።

ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከሰልፉ ኋላ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ሳሙና ሊገዛ የመጣው ጃለታ ነው፣ ከሥጋ ቤቶቹ በአንዱ የሚሠራ።

«ኧረ ይቺ የኛዋ ናት!» አለ። «በሩ ላይ ነው ያደገችው። እማማ፣ ማታ ስንዘጋ እኮ ውሾቹ ከበሩ እንዲርቁ ‹ክድ ወዲያ!› እንላለን፤ ከዚያ ነው አጥንቱን የምንወረውረው። ሌሎቹ መጀመሪያ ይሸሻሉ፣ ኋላ ነው የሚመጡት። ይቺ ግን ከቡችላነቷ ብልጥ ናት፤ ‹ክድ› ሲባል አጥንት እንደሚከተል አውቃ ቀድማ እጃችን ሥር ትደርሳለች። እኛም ቃሉን ስንል የምትመጣው እሷ ሆነች።»

ዘኪያ ከሣጥኑ ላይ ሆና አሰበችበት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «እኔ ‹ጥፊ› ስላት እሷ የምትሰማው ‹ምሳ ቀርቧል› ነው?»

«እንደሱ ነው» አለ ጃለታ።

«ለሃጯም ለዚህ ነው?»

«እርስዎስ ምሳ ሲቀርብ ምራቅዎን አይውጡም?»

ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ባለ ድንጋዩ ድንጋዩን አፍሮ ጣለው፤ ባለ እንጨቱም እንጨቱን አጥሩ ላይ መልሶ ሲሰካ ተሳሳተና ሁለት ጨምሮ ነቀለ። ብርሃኔ ግን አልሳቀችም። ውሻዋን እንዳቀፈች ወደ ዘኪያ ተሻገረች። ምላለች። ሰው ላይ ከሮጠች አወጣታለሁ ብላለች፤ ሮጣለች። የገብርኤል መሐላ ደግሞ በሳቅ አይታለፍም።

«ዘኪያ፣ እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ሰው ላይ ከሮጠች ብለሻል።»

ዘኪያ ጉልበቷን ይዛ ከሣጥኑ ወረደች። ውሻዋን አየች፤ የአንገቷን ቀለበት ገና አሁን በቅርብ ማየቷ ነው። ፊቷ ተለወጠ።

«መቼ ሮጠችብኝ?» አለች ቆጣ ብላ። «እኔ ጠርቻት አይደል የመጣችው! የተጠራ እንግዳ በኛ ቤት አይባረርም። ይልቅ ምስሬን ልቀሚልኝ፤ ውዱዬንም አበላሽታችሁብኛል፣ ውሃ አምጪልኝ!»

ብርሃኔ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ምስሩን እየለቀመች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሰልፈኛውም ታክሲው መጥቶ እስኪሄድበት ድረስ አብሯት ለቀመ።

ስም የማውጣቱ ነገር ብዙ አላከራከረም። «እንግዲህ ስሟን ራሷ መርጣለች» አለች ዘኪያ። ብርሃኔም አቆላመጠችው፦ ክድዬ። መጀመሪያ መጀመሪያ «ክድዬ» በተባለ ቁጥር ሁለቱ ነባሮች ይሸሹ ነበር። ብርሃኔ መላ አገኘችላቸው፤ በግቢው ውስጥ ያንን ቃል ለማባረሪያ መጠቀም ቀረ። የቃሉ ተከታይ ሁልጊዜ ጉርሻ ሆነ፤ ለሦስቱም። ሹሚ በሳምንቱ ገባት። ምን ቸገረኝ እስኪገባው ክረምቱ ወጣ። አሁን ብርሃኔ ከደጅ ሆና «ክድ!» ስትል ሦስቱም እየተገፋፉ ይመጣሉ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያማትባል። ዘኪያም ሱቋ በር ላይ፣ ማንም የማያያት ሲመስላት፣ ከሩቅ አጥንት እየወረወረች «ክድ፣ ክድ የኔ እናት» ስትል ትሰማለች። ክድዬም ገብቷታል፤ አጥንቷን አንስታ ትሄዳለች እንጂ የዘኪያን ቀሚስ አትነካም።

ሲና ልትጠይቃቸው የመጣች ቀን ሦስቱ ውሾች አንድ ጆንያ ላይ ተደራርበው ተኝተው ነበር። የቱ እግር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሲና ብዙ ጊዜ ቆማ አየቻቸው።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሌሎቹ ሁሉ የመለሷትን እርስዎ ምን አይተው ነው ያልመለሷት? መሐላም እኮ ነበረብዎት።»

ብርሃኔ የኮሶ ችግኟን ከጣሳ ወደ ጣሳ እያዛወረች ነበር። ሥሩን በአፈር ሸፈነችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ ልጅ ሆኜ እብድ ውሻ ነክሶኝ፣ ፓስተር ሄጄ መርፌ ተወግቼ ነው የዳንኩት። መርፌው አተረፈኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሰው ሁሉ ‹አትጠጓት› ሲል ሻምበል የሚባል አንድ ውሻ መጥቶ አጠገቤ ተኛ። ምንም አላደረገልኝም እኮ፣ ልጄ፤ ዝም ብሎ ተኛ። ከሁሉ ነገር የሚበልጥብኝ እሱ ነው። መርፌው አተረፈኝ፤ ያኖረኝ ግን እሱ ነው።»